የስልኩ ቁጥርና የሳህኑ ካርቦሃይድሬት

የበሉትን እየመዘገቡ ካሎሪ መቁጠር የጥቂት ስፖርተኞች ልማድ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። በዚህ ዘርፍ ስሙ አብዝቶ የሚነሣው ማይፊትነስፓል በ2005 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2015 አንደር አርመር የተባለው የስፖርት አልባሳት ኩባንያ በ475 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2020 ደግሞ ለፍራንሲስኮ ፓርትነርስ በ345 ሚሊዮን ዶላር ሊሸጠው ተስማማ። የመተግበሪያው ትልቁ ሀብት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሞሉት ግዙፍ የምግብ መረጃ ቋት ነው። በእነዚሁ ዓመታት ዳቦን፣ ሩዝን፣ ፓስታንና ስኳርን ቀንሶ በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በቅጠላ ቅጠልና በቅባት ላይ ያተኮረ አመጋገብ፣ ኪቶ የሚባለውን ጨምሮ፣ በብዙ አገር ተስፋፋ። በዋሽንግተን፣ በለንደን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ የሚኖረው የእኛም ሰው የዚህ አካል ነው፤ ስኳር ሕመም እንዳለበት የተነገረው ወይም ክብደቱን ሊቀንስ የቆረጠ ሰው እንጀራውን በጥርጣሬ ዓይን ማየት ጀምሯል። እንዲህ ያለ ሰው በቀን የሚበላውን ካርቦሃይድሬት ከ50 ግራም በታች፣ አንዳንዴም ከ20 ግራም በታች ለማድረግ ሲነሣ፣ ደረሰ አልደረሰ የሚለውን የሚነግረው ስልኩ ላይ የሚወጣው ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ግን ሰው እንደሚያምነው ያህል የሚታመን አይደለም። ችግሩ ብዙ ጊዜ በተጠቃሚው ስንፍና ይሳበባል፤ ሚዛን አልገዛም፣ በዓይኑ ገመተ፣ ረስቶ ሳይመዘግብ ቀረ ይባላል። ይህ እውነትነት ቢኖረውም ዋናውን ነገር ይስታል። ካርቦሃይድሬቱ ዝቅተኛ የሆነ ምግብ በሚመዘገብበት ጊዜ ትልቁ ስሕተት ሰውየው ሚዛኑን ከማውጣቱ በፊት ተፈጽሞ ይጠብቀዋል፤ በቋቱ ውስጥ ያለው ቁጥር በየትኛው ትርጓሜ እንደተሠራ፣ ጥሬውን ይሁን የበሰለውን እንደሚመለከት፣ የትኛውን ቅንጣት ወደ ዜሮ እንዳጠጋጋ ማንም አልነገረውም። በቀን 250 ግራም ካርቦሃይድሬት ለሚበላ ሰው የ10 ግራም ስሕተት 4 በመቶ ነው፤ ምንም አይለውጥበትም። በ20 ግራም ለሚኖር ሰው ግን ያው 10 ግራም የቀኑ ግማሽ ነው። መተግበሪያዎቹ የተሠሩት ለመጀመሪያው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ሰው የሚጠቀምባቸው ከተሠሩበት ዓላማ አልፎ ነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። በምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ላይ የምናየው ካርቦሃይድሬት በአብዛኛው በቀጥታ ተለክቶ የተገኘ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ላቦራቶሪው የምግቡን ውሃ፣ ፕሮቲን፣ ስብና ሲቃጠል የሚቀረውን አመድ ይለካል፤ ድምሩን ከ100 ይቀንሳል፤ የተረፈው ሁሉ ካርቦሃይድሬት ተብሎ ይጻፋል። ኬሚስቱ ዊልበር አትዋተር በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኮነቲከት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ከሠራው ሥራ የወጣው ስሌት፣ ማለትም ለአንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ ለስብ 9፣ ለካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ የሚለው፣ ዛሬም የሚሠራው በዚህ «የተረፈ» ላይ ነው። በተረፈው ውስጥ ስታርችና ስኳር አለ፤ ሰውነት የማይፈጨው ፋይበርም አለ፤ በእርጎና በቦካ ሊጥ ውስጥ የሚፈጠረው አሲድም እዚያው ይቆጠራል። ስለዚህ የአሜሪካ መለያ «ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት» ሲል ፋይበሩን ጨምሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ፣ በ2011 የወጣው ቁጥር 1169 ደንብ፣ የሚከተለው መንገድ ሌላ ነው። እዚያ ካርቦሃይድሬት የሚባለው ሰውነት የሚጠቀምበት ብቻ ሲሆን ፋይበር ራሱን ችሎ በሌላ መስመር፣ በግራም 2 ካሎሪ ተሰልቶ ይቆጠራል። ብሪታንያም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ በዚሁ አሠራር ቀጥላለች።

ተልባን እንውሰድ። እንደ አሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሠንጠረዥ 100 ግራም ተልባ 29 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከዚህ 27ቱ ፋይበር ነው። በአሜሪካ መለያ ላይ 29 እና 27 ተጽፎ ይገኛል፤ ቀናሹ ሰው 2 ግራም ያገኛል፤ ልክ ነው። ያው ተልባ በጀርመን ከረጢት ሲሸጥ ካርቦሃይድሬት 2፣ ፋይበር 27 ተብሎ ይታተማል። አንድ ተጠቃሚ ይህን ከረጢት ወደ ቋቱ ካስገባው፣ ፋይበርን በራሱ እንዲቀንስ የታዘዘው መተግበሪያ ከ2 ላይ 27 ይቀንሳል፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች 25 ይሆናል። ሁለት ማንኪያ ተልባ የበላ ሰው፣ ማንኪያው 10 ግራም ቢይዝ፣ መተግበሪያው 5 ግራም ካርቦሃይድሬት «ይመልስለታል»፤ በዚያም ተማምኖ ሌላ ነገር ይበላል። በተልባ ላይ ስሕተቱ ዓይን ያወጣ ስለሆነ ይታያል። አደገኛው መካከለኛ ላይ ያለው ምግብ ነው፦ የፋይበር ዳቦ፣ የለውዝ ቅቤ። የአውሮፓው ቁጥር በአሜሪካ ስሌት ሲያልፍ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል እንጂ ከዜሮ በታች ላይወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። የዱባይ ነዋሪ ይህ ይበልጥ ይመለከተዋል፤ ከአሜሪካ የመጣውና ከአውሮፓ የመጣው ዕቃ እዚያ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቆማል።

ይህን ለይቶ ማወቅ ይቻላል፤ ከባድም አይደለም። ፋይበሩ ከካርቦሃይድሬቱ የሚበልጥ መዝገብ በአውሮፓ መንገድ የተሠራ ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ፋይበሩ ካነሰ ካሎሪውን መፈተሽ ነው፦ ፕሮቲኑን በ4፣ ስቡን በ9፣ ካርቦሃይድሬቱን በ4 አባዝቶ መደመር፤ በመለያው ላይ የተጻፈው ካሎሪ ከድምሩ በፋይበሩ እጥፍ ያህል ከበለጠ ፋይበሩ ለብቻው የተቆጠረ ነውና ዳግመኛ አይቀነስም። በአሜሪካ መለያ ላይ ድምሩ ከተጻፈው ካሎሪ ጋር ይቀራረባል ወይም ይበልጣል። ይህን ስሌት መተግበሪያው ራሱ በሰከንድ ክፋይ ሊሠራው ሲችል ለተጠቃሚው መተዉ ያሳዝናል። የፋይበር መስመሩ ባዶ የሆነ መዝገብም በየቋቱ ሞልቷል፤ ባዶ ማለት «አልተሞላም» እንጂ «የለም» ማለት ባይሆንም ማሽኑ ዜሮ አድርጎ ያነበዋል።

ቀጥሎ የማጠጋጋት ጉዳይ አለ። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደንብ በአንድ መጠን ውስጥ ከግማሽ ግራም ያነሰ ካርቦሃይድሬት ያለውን ምግብ «0 ግራም» ብሎ መጻፍን ይፈቅዳል። ወፍራም ክሬም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መለያው ላይ ያለው አንድ መጠን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 15 ሚሊ ሊትር ነው፤ በውስጡ 0.4 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ስላለ ሕጉ ዜሮ እንዲባል ይፈቅዳል። 16 ማንኪያ አንድ ኩባያ ይሞላል፤ አንድ ኩባያ ክሬም ደግሞ ከ6 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለው። ሥጋውን በክሬም የሚሠራ፣ ቡናውን በክሬም የሚጠጣ ሰው ቀኑን ሙሉ «0፣ 0፣ 0» እየመዘገበ የቀን ድርሻውን ሲሦ በላ ማለት ነው። እንቁላልም እንዲሁ ነው፤ አንዱ 0.4 ግራም አካባቢ ስለሆነ በአንድ መዝገብ 0፣ በሌላው 0.4፣ በሦስተኛው 1 ሆኖ ይገኛል። ጉበት ሥጋ ነውና ዜሮ ነው የሚል ሰው ጥሬ የበሬ ጉበት በ100 ግራም ወደ 4 ግራም ካርቦሃይድሬት እንዳለው አያውቅም፤ ዱለት ወዳጅ የሆነ ሰው ይህን ልብ ቢል ይጠቅመዋል። ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ከመለያው ይልቅ ጥሬ ዕቃውን በ100 ግራም ከሚዘረዝር ሠንጠረዥ መነሣት ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ2019 ፉድዳታ ሴንትራል በሚል ስም ያሰባሰበው ቋት ለማንም ክፍት ነው፤ ክሮኖሜተርን የመሰሉ መተግበሪያዎችም በዋናነት የሚያርፉት በእንዲህ ያሉ በላቦራቶሪ በተጠኑ ሠንጠረዦች ላይ ነው።

ፋብሪካ የሚያመርታቸው «የኪቶ» ጣፋጮች ነገሩን ያከፉታል። በማሸጊያው ፊት ላይ በትልቁ የሚታተመው «የተጣራ ካርቦሃይድሬት» የአሜሪካው አስተዳደር በሕግ የተረጎመው ነገር አይደለም። አምራቹ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ላይ ፋይበሩንና ሹገር አልኮል የሚባሉትን ማጣፈጫዎች በሙሉ ቀንሶ የቀረውን ያትማል። ማጣፈጫዎቹ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ኤሪትሪቶል ወደ ሰውነት ገብቶ ሳይቃጠል በአብዛኛው በሽንት ይወጣል፤ አሜሪካ በግራም 0.2 ካሎሪ፣ አውሮፓ ዜሮ ይሰጡታል። ማልቲቶል ግን በግራም 2.1 ካሎሪ ይሰጣል፤ የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። 20 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 5 ግራም ፋይበርና 13 ግራም ማልቲቶል ያለበት ቸኮሌት ፊቱ ላይ «2 ግራም» ሊል ይችላል፤ የስኳር ሕመም አስተማሪዎች እንደሚመክሩት ከማልቲቶሉ ግማሹ ብቻ ቢቀነስ ግን 8.5 ግራም ይሆናል። አሉሎስ የሚባለው ስኳር ደግሞ ሌላ መልክ አለው፦ በ2019 የአሜሪካው አስተዳደር ከ«ስኳር» መስመር እንዲወጣና በግራም 0.4 ካሎሪ እንዲሰላ ቢፈቅድም በጠቅላላ ካርቦሃይድሬት ውስጥ መቆጠሩ አልቀረም። ባርኮድ አንባቢው እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ ያስገባቸዋል። የአሜሪካ ስኳር ሕመም ማኅበር ሰዎች በጠቅላላ ካርቦሃይድሬት እንዲቆጥሩ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔም ምክሩን ትክክል ነው እላለሁ፣ ቢያንስ ከማሸጊያ ለሚበላ ሰው።

ማሸጊያ ወደሌለው ወደ ራሳችን ማዕድ ስንመጣ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። «እንጀራ» ብሎ በቋቱ ውስጥ የፈለገ ሰው ብዙ መዝገብ ያገኛል፤ እርስ በርሳቸው ግን አይስማሙም። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ጥሬ ጤፍ በ100 ግራም 73 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው፤ 8ቱ ፋይበር ነው። ሳይቦካ በውሃ የተቀቀለ ጤፍ በ100 ግራም 20 ግራም ገደማ ነው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ የበላ ሰው ሳያውቅ ጥሬውን ቢመርጥ 219 ግራም፣ ቅቅሉን ቢመርጥ 60 ግራም ይመዘገብለታል። ትክክለኛው ከሁለቱም አይደለም። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 731 ግራም ካርቦሃይድሬት ይዞ ይነሣል፤ ተቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎበት፣ ተጋግሮ ያለቀው እንጀራ በሙሉ ተመዝኖ 2.4 ኪሎ ቢሆን፣ በ100 ግራም 30 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። አንዱ እንጀራ 91 ግራም ሆነ ማለት ነው፤ ፋይበሩ ሲቀነስ 81። በ20 ግራም ለሚኖር ሰው የዚህ እንጀራ ሩቡ የቀኑን ድርሻ ይጨርሳል። እርሾው ሲቦካ የተወሰነ ስታርች ይበላል፤ ከሊጡ ላይ የሚደፋው ውሃም ትንሽ ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ በመጠኑ ያንሳል። ያ ልዩነት ግን በ60 እና በ219 መካከል ካለው ገደል ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ከአገር ውጭ ደግሞ እንጀራ የሚለው ስም ብዙ ዱቄት ይሸፍናል። ኢትዮጵያ በ2006 የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለች በኋላ፣ ቀድሞም ጤፍ ውድ በሆነበት አገር፣ ጤፉን በስንዴ፣ በገብስ ወይም በሩዝ ዱቄት መደባለቅ ተለመደ። አሜሪካ ውስጥ በአይዳሆ የሚመረተው ጤፍ ቢኖርም በየሱቁ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው እንጀራ ሁሉ ንጹሕ ጤፍ አይደለም። ስለዚህ ሌላ ሰው ያስገባውን «እንጀራ» መምረጥ የዚያን ሰው ምጣድ፣ ዱቄትና ውፍረት መበደር ነው። እቤቱ የሚጋግር ሰው ዱቄቱን አንዴ መዝኖ፣ የተጋገረውን በሙሉ መዝኖ፣ የራሱን መዝገብ መፍጠር አለበት፤ አንድ ጊዜ የተሠራ መዝገብ አሠራሩ እስካልተለወጠ ድረስ ያገለግላል። የሚገዛ ሰው ደግሞ ላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ዱቄት አንብቦ አንዱን እንጀራ መመዘን ይበቃዋል።

እንጀራን የሚጠራጠር ሰው ወጡን አይጠራጠርም፤ እኔ ግን ከእንጀራ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወጡ ነው። ዶሮ ወጥ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤና በርበሬ ተደርጎ ስለሚታሰብ ካርቦሃይድሬት የለሽ ይመስላል። ቁሌቱን ግን እንመልከት። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ የተላጠ ሽንኩርት ቢገባ፣ ሽንኩርት በ100 ግራም 9.3 ግራም ካርቦሃይድሬትና 1.7 ግራም ፋይበር ስላለው፣ ድስቱ ውስጥ 187 ግራም ካርቦሃይድሬት ገብቷል፤ ፋይበሩ ተቀንሶ 153 ግራም ይቀራል። ሽንኩርቱ ለሰዓታት ሲቁላላ የሚተነው ውሃው ነው፤ ስኳሩ እዚያው ነው፤ የወጡ ጣፋጭነትም ከእሱ ነው። ወጡ እንደ ወጉ በ12 ብልት ቢከፈል፣ አንድ ብልት ከነመረቁ 13 ግራም ገደማ ይዞ ሳህን ላይ ይወርዳል። ሁለት ብልት ያለ እንጀራ የበላ ሰው ከ20 ግራም አልፏል። በዚህ ላይ በርበሬው አለ፤ የደረቀ ቀይ በርበሬ ከክብደቱ ግማሽ በላይ ካርቦሃይድሬት ሲሆን አብዛኛው ፋይበር ነው፤ የቀረው ትንሽ ቢሆንም ዜሮ አይደለም። ጥብስ፣ ክትፎና ጎመን በአንጻሩ የሚመስሉትን ናቸው፤ ሽንኩርታቸው ጥቂት ነውና። በክትፎ ላይ የሚያመልጠው ቅቤው ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከ110 ካሎሪ በላይ አለው።

አሁን እየተስፋፋ ያለው በፎቶ መመዝገብ ለዚህ መድኃኒት ተደርጎ ይቀርባል። ካሜራው ሳህኑን ያይና ምግቡን ለይቶ ቁጥር ይሰጣል። ድካም መቀነሱን አልክድም፤ ሽንኩርቱ ወጥ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ግን የትኛውም ካሜራ አያየውም፤ ቅቤው ክትፎው ውስጥ ከገባ በኋላ አይመዝነውም፤ ጥቁር እንጀራን አይቶ ዱቄቱ የጤፍ ይሁን የድብልቅ ሊፈርድ አይችልም። የፎቶው ግምት ዳቦንና ፖምን በመሰለ ነጠላ ምግብ ላይ ይሠራል፤ ካርቦሃይድሬቱ በአሠራሩ ውስጥ ለተሸሸገ ምግብ ግን ያው የድሮው ቋት በአዲስ መስኮት ነው። በጎን ደግሞ የተሻለው መሣሪያ እየተከፈለበት ነው፤ ማይፊትነስፓል የባርኮድ ማንበቢያውን ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ለከፋይ ደንበኞች ብቻ አደረገው። የማይከፍለው ሰው በስም እየፈለገ ከሚመጡለት ብዙ መዝገቦች የመጀመሪያውን ይነካል። ባርኮድ ከላይ የተነሡት ጉድለቶች ሁሉ ቢኖሩበትም ቢያንስ ከአንድ የታወቀ ማሸጊያ ጋር ያገናኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢው የሚያነሣቸው ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ «ስሕተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ከሆነ ምን አለበት? ክብደቴ ካልቀነሰ ቁጥሩን ዝቅ አደርጋለሁ» የሚለው ነው። ለካሎሪ ይህ ሙግት ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ካሎሪ ራሱ ግምት ነው፤ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት 28 ግራም አልሞንድ ሰውነት ውስጥ የሚሰጠው 129 ካሎሪ ሆኖ አግኝተውታል፤ በስሌት የሚጻፈው ግን 170 ገደማ ነው። የአሜሪካው ምግብና መድኃኒት አስተዳደርም መለያን በካሎሪ ረገድ ጥፋተኛ የሚለው በምርመራ የተገኘው ከተጻፈው ከ20 በመቶ በላይ ሲበልጥ ነው። እንዲህም ሆኖ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው አካሄዱን ያስተካክላል። የካርቦሃይድሬት ስሕተት ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ በተልባ ላይ ወደ ታች፣ በጥሬ ጤፍ ላይ ወደ ላይ፣ በዶሮ ወጥ ላይ ወደ ታች ይሄዳል። ሰኞ ጎመንና ጥብስ፣ እሑድ ዶሮ ወጥ የሚበላ ሰው ስሕተቱ ከምግቡ ጋር ይቀያየራል እንጂ ተመሳስሎ አይቆይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከምርምር ይመጣል። በ1992 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የታተመ ታዋቂ ጥናት «ምንም ብበላ አልቀንስም» ይሉ የነበሩ ሰዎች የበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው እንደዘገቡ አሳይቷል። ታዲያ የሰው መርሳት ይህን ያህል ከሆነ ስለ ፋይበር መስመር መጨነቅ ምን ይረባል? ለአጠቃላይ ካሎሪ ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የረሳነው ከተሳሳትነው ይበልጣል። ሆኖም ካርቦሃይድሬቱን የቀነሰ ሰው ሳይመዘግብ የሚያልፈው ብዙ ጊዜ «ይህ ምንም የለውም» ያለውን ነው፤ መረቁን፣ ክሬሙን፣ «0 ግራም» የሚለውን ማጣፈጫ። መርሳቱን የሚወልደው ቁጥሩ ነው፤ ዜሮ ተብሎ የተጻፈን ነገር ማን ይመዘግባል?

ሦስተኛው የበለጠ መሠረታዊ ነው፦ መቁጠር ለምን? በስታንፎርድ የተመራውና በ2018 የታተመው ጥናት 609 ሰዎችን በዝቅተኛ ስብና በዝቅተኛ ካርቦሃይድሬት ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታትሏል፤ የስቡ ቡድን በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ የካርቦሃይድሬቱ 6 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ ቁም ነገር የሚባል አልነበረም። ካሎሪ እንዲቆጥሩም አልታዘዙም፤ ጥራት ያለውና በፋብሪካ ብዙ ያልተነካካ ምግብ እንዲበሉ ነበር የተነገራቸው። ክብደት መቀነስ ብቻ ለሚፈልግ ጤነኛ ሰው ይህ ትልቅ ነጻነት ነው፤ መመዝገቡ ከከበደው ይተወው። ከምግብ ጋር የተጣላ፣ ቁጥር ባየ ቁጥር የሚጨነቅ ሰውም ከነጭራሹ ባይጀምረው እመርጣለሁ። አንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ጉርሻ እየተቀበለ ግራም የሚያሰላ ሰው ደግሞ ማዕዱን ያፈርሳል፤ የበዓል ቀን በግምት ቢያልፍ ምንም አይጎድልም።

ለአንድ ወገን ግን ይህ ነጻነት የለም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የሚወጋውን መጠን የሚወስነው በካርቦሃይድሬቱ ግራም ሊሆን ይችላል። መተግበሪያው 60 ብሎት የበላው 91 ከሆነ ስኳሩ ይወጣል፤ 219 ብሎት 91 ቢበላ ግን የተወጋው ከሁለት እጥፍ በላይ ነውና ራሱን ሊስት ይችላል። ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን የመሳሰሉ የስኳር መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬትን አጥብቆ ሲቀንስ ደሙ አሲድ የሚሆንበት አደጋም አለ፤ ይህ ደግሞ የደም ስኳሩ እጅግ ሳይወጣ ሊከሰት ይችላል። ለእነዚህ ሰዎች በቋቱ ውስጥ ያለ የተሳሳተ መዝገብ የሕክምና ስሕተት ነው። አመጋገባቸውን ከመለወጣቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር መጠኑን መነጋገር አለባቸው፤ «እንጀራ» የሚል የሰው መዝገብ ተማምነው መርፌ መውጋት የለባቸውም።

መተግበሪያ ሠሪዎቹ ይህን ማስተካከል ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም። እያንዳንዱ መዝገብ ቁጥሩ ከአሜሪካ መለያ ይሁን ከአውሮፓ፣ ከላቦራቶሪ ይሁን ከተጠቃሚ፣ ጥሬ ይሁን የበሰለ ፊቱ ላይ ቢያሳይ፣ ፋይበሩ ከካርቦሃይድሬቱ የበለጠ መዝገብ ሲመጣ ቅነሳውን ራሱ ቢያቆም፣ ያልተሞላ የፋይበር መስመርን ከዜሮ ቢለይ ከላይ ከተዘረዘረው ብዙው ይቃለላል። በአገር ቤትም ሥራ አለ። የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሠንጠረዥ በ1968 ታትሟል፤ በ1998ም የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩቱ ተጨማሪ ክፍል አውጥቷል። በዚያ ዘመን በተለመደው የፋይበር አለካክ የተገኘው ቁጥር ዛሬ ፋይበር ከምንለው ያነሰ ስለሆነ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም፤ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በዛሬው መለኪያ የእንጀራን፣ የሽሮን፣ የቆጮንና የወጡን ቁጥር መተግበሪያዎች በሚያነቡት መልክ ቢያወጣ ከአዲስ አበባ እስከ ሲያትል የሚጠቅመው ሰው ብዙ ነው።

እስከዚያው ግን እንጀራውንና ወጡን ወደ ቋቱ የምናስገባው እኛው ነን። ድስቱን ባዶውን መዝኑ፤ ሽንኩርቱን ተልጦ፣ ዶሮውን፣ ቅቤውን፣ በርበሬውን በጥሬው መዝግቡ፤ ወጡ ሲያበቃ ከነድስቱ መዝናችሁ የድስቱን ቀንሱ፤ ከሳህናችሁ የቀረውን አጥንትም ከበላችሁት ላይ አውጡ። ጠቅላላ ካርቦሃይድሬትንና ፋይበርን በየመስመራቸው ለይታችሁ ጻፉ። መዝገቡንም ለሌላው ክፍት ስታደርጉ ዱቄቱ ምን እንደሆነ፣ ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ እንደሆነ ስሙ ላይ አስፍሩ፤ ያንን መዝገብ ነገ የሚመርጠው ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሊሆን ይችላል።